ምዕራፍ 6፦ የቀኑ ባለቤት ማን ነው?

ነቀምቴ ላይ ፀሐይ ልክ 12 ሰዓት ላይ ወጥታ አታውቅም። በዓመቱ ውስጥ ቶሎ በምትወጣበት በግንቦት አጋማሽ እንኳ አድማሱን የምታልፈው 12፡13 ገደማ ነው። በጥር መጨረሻ ደግሞ ለአንድ ሰዓት አምስት ደቂቃ ያህል እስኪቀረው ድረስ ትዘገያለች። ጥፋቱ የፀሐይ አይደለም። ኢትዮጵያ ሰዓቷን የምትሞላው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን፣ ይህ መስመር የሚያልፈው በአገሪቱ ምሥራቃዊ ክፍል በኩል ነው። ነቀምቴ ያለችው 36 ዲግሪ ተኩል ላይ ነው። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር አራት ደቂቃ ይፈጅባታል፤ ስለዚህ የነቀምቴ ፀሐይ ከግድግዳው ሰዓት 34 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ትቀራለች። ደምቢ ዶሎ ስንደርስ ሌላ ሰባት ደቂቃ እንጨምራለን። ጅግጅጋና ደምቢ ዶሎ በአንድ ሰዓት የሚተዳደሩ ከተሞች ናቸው፤ የፀሐያቸው ልዩነት ግን ግማሽ ሰዓት ያልፋል።

ያለፉት ምዕራፎች ለጨዋታ የሚሆን የምናብ ዓለም ካርታው፣ ገንዘቡና ሹመቱ እንዴት እንደሚሠራ አይተዋል። አሁን የደረስንበት ነገር ብዙ ፈጣሪዎች በመጨረሻው ሌሊት በጥድፊያ የሚሠሩት ነው። አሥራ ሁለት እንግዳ ስሞች ይፈልጋሉ፣ ወር ብለው ይሰይሟቸዋል፣ ጨረቃዋን ሁለት ያደርጓታል፤ በቃ፣ ዘመን አቆጣጠር ሠራን ይላሉ። እኔ ግን ዘመን አቆጣጠር ሕይወት የሚዘራው ከስሙ ሳይሆን ከባለቤቱ ነው እላለሁ። ይህን ቀን የሚቆጥረው ማን ነው? ለምን ሥራ? ሲሳሳትስ ማን ይጎዳል? እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ ወለጋን ያህል ጥሩ ትምህርት ቤት አላውቅም።

ከሰዓቱ እንነሣ። የእኛ ሰዓት ከንጋት ይቆጠራል፤ ፀሐይ ወጥታ የመጀመሪያው ሰዓት ሲሞላ አንድ ሰዓት ነው። ይህ አቆጣጠር ግን በሁሉም ቦታ አይሠራም። ነቀምቴ ላይ አጭሩ ቀን ከ11 ሰዓት ተኩል ጥቂት ያልፋል፣ ረጅሙ 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው። ዓመቱን ሙሉ ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም ስለማይበልጥ፣ ንጋት ለሰዓት መነሻ የሚሆን የታመነ ምሰሶ ነው። ለንደን ላይ ግን ቀኑ በብርዱ ወራት ወደ ስምንት ሰዓት ያጥራል፣ በሙቀቱ ወራት 16 ሰዓት ተኩል ይደርሳል። እዚያ ንጋትን ሰዓት መቁጠሪያ ያደረገ ሰው መነሻው በየሳምንቱ ይሸሸዋል። ስለዚህ የምናብ ዓለማችሁ በበረዶ የተሸፈነ ሰሜን ከሆነ የእኛን ሰዓት አትስጡት። በምድር ወገብ አቅራቢያ ያለ ደጋ ከሆነ ደግሞ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ማስጀመር የባዕድ ልብስ ማልበስ ነው። ገበሬውም ሆነ በሌሊት ለአውቶቡስ የተሰለፈው መንገደኛ ቀኑ የሚጀምርላቸው ሲነጋ ነው።

ብዙዎቹ የታወቁ ጨዋታዎች ይህን አያስቡበትም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ስካይሪም አንዱን እውነተኛ ደቂቃ ሃያ የጨዋታ ደቂቃ ያደርገዋል፤ አንድ ሙሉ ቀን በ72 ደቂቃ ያልቃል። ይህ ብልህ ሥራ ነው። የወሮቹ ርዝመት ግን የአውሮፓውያኑ ነው፦ 31፣ 28፣ 31 እያለ ይሄዳል። ሌላ ምድር፣ ሌሎች አማልክት፣ ሌሎች ዘሮች ተፈጥረው ሳለ የሮማውያን የወር ርዝመት ሳይነካ ተሻግሯል። ስታርዲው ቫሊ ደግሞ ዓመቱን በአራት ወቅት፣ እያንዳንዱን ወቅት በ28 ቀን ከፍሎታል፤ 28 ለሰባት ስለሚካፈል አንድ ቀን ሁልጊዜ በአንድ የሳምንት ዕለት ይውላል። ለገበሬ ጨዋታ ይህ በቂ ነው፤ እንዲያውም ከስካይሪም የበለጠ ታስቦበታል፤ ምክንያቱም ቁጥሩ ሥራ አለው፤ ወቅቱ ሲያልቅ ያልታጨደው ሰብል ይሞታል።

ወደ እኛ በጣም የሚቀርበው ለደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ የተሠራው የፎርጎትን ሪልምስ ዓለም ነው። ኤድ ግሪንውድ የፈጠረው ይህ ዓለም ሃርፕቶስ በተባለ ጠንቋይ ስም የሚጠራ መቁጠሪያ አለው፤ 12 ወር፣ እያንዳንዱ 30 ቀን፣ ከወር ውጭ የሆኑ አምስት የበዓል ቀናት፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ ስድስተኛ። ኢትዮጵያዊ ይህን ሲያነብ ጳጉሜን ወዲያው ያውቃታል። ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመው የሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ የመጨረሻ ቅጽ አባሪ ላይ ለሆቢቶች የሠራው መቁጠሪያም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ 30 ቀን ያላቸው 12 ወራት፣ ሁለት ቀን በብርዱ መካከል፣ ሦስት ቀን በሙቀቱ መካከል። እርሱ አንድ ነገር ጨምሯል። የዓመቱን መካከለኛ ቀን ከሳምንቱ ስላወጣው ሰኞም ማክሰኞም አይደለም፤ በዚህም ምክንያት የእያንዳንዱ ቀን ዕለት ከዓመት ዓመት አይለወጥም።

ሦስቱም መቁጠሪያዎች የተጋፈጡት አንድ ችግር ነው፦ 365 በ30 ሲካፈል አምስት ይተርፋል። የተረፈውን የት እናድርገው? ግሪንውድ በወራቱ መካከል በተነው፤ ቶልኪን በሁለት ቦታ ሰበሰበው፤ የእኛ አባቶች፣ ከእነርሱ በፊት ግብፆች፣ በዓመቱ መጨረሻ አከማቹት። ጳጉሜን ከሌሎቹ የሚለያት ግን ቦታዋ ብቻ አይደለም። በጳጉሜን 3 በሩፋኤል ዕለት ዝናቡ ጠበል ነው ተብሎ ልጆች ራቁታቸውን ይወጡበታል። ደመወዝተኛው በየወሩ ሠላሳ ቀን ተቆጥሮለት ሲከፈለው የኖረው ሰው ነው፤ በእነዚህ ቀናት ኪሱን እየዳበሰ መስከረምን ይጠብቃል። የተረፈ ቀን ለአንዱ ቡራኬ፣ ለሌላው ችጋር ሲሆን ያን ጊዜ መቁጠሪያው ሰው አግኝቷል ማለት ነው።

የዓለም ፈጣሪዎች እንዲያጠኑት የምመኘው ግን የዘመነ ዮሐንስን ገና ነው። ስድስተኛዋ ጳጉሜን የምትመጣው በዘመነ ሉቃስ ፍጻሜ ነው። ዘመኑን ማወቅ ቀላል ነው፤ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለአራት ማካፈል፤ አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ። 2015 ላይ 5500 ሲደመር 7515፣ ለአራት ሲካፈል ሦስት ይተርፋል፤ ሉቃስ። እውነትም በዚያ ዓመት ጳጉሜን ስድስት ነበረች። በማግሥቱ ዓመት፣ በ2016፣ ገና የዋለው ታኅሣሥ 28 ነው እንጂ 29 አይደለም። ለምን? ቤተ ክርስቲያን ከመጋቢት 29 ጽንሰት እስከ ልደት ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ስለምትቆጥር፣ ጳጉሜን አንድ ቀን ስትረዝም ልደቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይደርሳል። ጥምቀት ግን ከጥር 11 አይነቃነቅም። አንድ በዓል ቀኑን ይለቃል፣ ሌላው በቀኑ ይጸናል፤ ሁለቱም በምክንያት። ከባዶ የተፈጠረ መቁጠሪያ እንዲህ ያለ መስቀለኛ ቦታ የለውም፤ ስለዚህም እውነት አይመስልም።

ባለቤት ያጣ መቁጠሪያ ምን እንደሚገጥመው ለማየት ፈረንሳይን ማንሣት ይበቃል። አብዮተኞቹ እ.ኤ.አ. በ1793 ያወጁት መቁጠሪያ 12 ጊዜ 30 ሆኖ አምስት ወይም ስድስት ትርፍ ቀናት ያሉት ነበር፤ በአሠራሩ የእኛ የቅርብ ዘመድ ነው። ነገር ግን ሳምንቱን አሥር ቀን አደረጉት። ሠራተኛው በሰባት ቀን አንዴ ያርፍ የነበረው በአሥር ቀን አንዴ ሆነበት፣ ገበያና ጸሎት ከቦታቸው ተናወጡ። እ.ኤ.አ. በ1806 መጀመሪያ ቀረ። ሒሳቡ ንጹሕ ነበር፤ የሚያርፍበት ሰው ግን ያ ቀን የእኔ ነው አላለም።

አሁን ወደ ወለጋ ከተሞች እንግባ፤ እዚህ አንዱ ቀን ብዙ ባለቤቶች አሉት። ጊምቢ ላይ የአድቬንቲስት ሆስፒታል አለ፤ የዚያ እምነት ተከታዮች ከዓርብ ማታ ጀምሮ ቅዳሜን ያከብራሉ። የመካነ ኢየሱስ ምእመን እሑድ ይዘምራል፣ ገናውን ግን ከኦርቶዶክሱ ጎረቤቱ ጋር በታኅሣሥ ያከብራል እንጂ በአውሮፓውያኑ ዲሴምበር አይደለም። ሙስሊሙ ዓርብ መስጊድ ይሄዳል፣ ዓመቱም 354 ቀን ገደማ ነው፤ ስለዚህ ረመዳን በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ፊት እየቀደመ በ33 ዓመት አካባቢ ዙሩን ይጨርሳል። በሕይወቱ አንድ ጊዜ በወለጋ ከባድ ክረምት፣ ሌላ ጊዜ በቡና ለቀማ፣ ሌላ ጊዜ በበጋው አቧራ ይጾማል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ በሰኔ መጨረሻ በጀት ለመዝጋት የሚሯሯጠው ሰው አዲስ ዓመቱ የሚደርስበት ውጭ ዝናብ ሲያወርድ ነው። ተማሪው መስከረምን ይጠብቃል። በለቀምት ስም በዓለም ገበያ የሚታወቀው ቡና ደግሞ ይህን ሁሉ አያውቅም፤ እርሱ የሚጠብቀው የመኸሩን ደረቅ ፀሐይ ነው።

ወቅቶቹም እንዲሁ ናቸው። በመጻሕፍቱ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ወለጋ ግን ይህን አይጠብቅም። ዝናቡ በብዙ ቦታ በሚያዝያና በግንቦት ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ኦሮሞው ዓመቱን ገና (ክረምት)፣ ቢራ (ጸደይ)፣ ቦና (በጋ)፣ አርፋሳ (በልግ) ብሎ ሲከፍል ዓይኑ የሚመለከተው ሰማዩንና ሣሩን ነው፤ ኢሬቻም በቢራ ውኃ ዳር፣ በአርፋሳ ተራራ ላይ የሚከበረው በዚሁ አካሄድ ነው። የተጻፈው ክረምትና የሚዘንበው ክረምት የተለያዩበት አገር ለተረት ሠሪ ሀብት ነው። የንጉሡ ሠራዊት በመጽሐፉ ቀን ተማምኖ ወንዝ ሊሻገር ይነሣል፤ አገሬው ወንዙ ገና እንዳልጎደለ ያውቃል።

ጽሑፍ የያዘው ዘመን አቆጣጠር ወለጋ ላይ የተስፋፋው ከቤተ መንግሥትና ከቤተ ክርስቲያን ጋር ነው። በ1874 ዓ.ም. ከእምባቦ ጦርነት በኋላ የምኒልክ ኃይል ወደ ምዕራብ ሲዘልቅ፣ የሌቃ ነቀምቴው ሞሮዳ በከሬ ገበረ፤ ልጁ ኩምሳ ተጠምቆ ገብረ እግዚአብሔር ተባለ፤ ደጃዝማች ሆነ። ከእነርሱ በፊት ግን አገሩ ያለ ዘመን አልኖረም። ሌላ ዘመን ነበረው።

ያ ዘመን ገዳ ነው። ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ይተላለፋል። አምስት ስብስቦች ይፈራረቃሉ፤ ስለዚህ ልጅ አባቱ በቆመበት ማዕረግ ላይ የሚቆመው ከ40 ዓመት በኋላ ነው። ይህን እንደ ዘመን መቁጠሪያ ተጠቅሞ የጻፈው ሰው ባሕረይ ነው። ጋሞ ይኖር የነበረው ይህ ካህን፣ እ.ኤ.አ. በ1593 ገደማ የኦሮሞን ታሪክ ሲጽፍ ድርሳኑን በነገሥታት ዓመት አላዋቀረውም፤ በየተራቸው ሥልጣን በያዙት ስብስቦች፣ በሉባዎቹ፣ ስም ነው የከፋፈለው። በመልባ ዘመን ይህ ሆነ፣ በሙደና ዘመን ያ ሆነ እያለ ይሄዳል። የመልባ ልጆች ሐርሙፋ ናቸው፤ የሙደና ልጆች ሮባሌ። አንባቢው ስምንት እየደመረ ሲሄድ ሐርሙፋ ከመልባ በኋላ ልክ 40 ዓመት ላይ ይገኛል። ጠላቱ ስለሆነ ሕዝብ የሚጽፍ ሰው የዚያን ሕዝብ መቁጠሪያ መዋሱ እስካሁን ያስደንቀኛል። ሌላ የተሻለ አላገኘም፤ ምክንያቱም ያ መቁጠሪያ የሚሠራ ነበር።

ፎርጎትን ሪልምስም ለየዓመቱ ስም ይሰጣል፤ ስሞቹ አስቀድመው በባለ ራእዮች ተጽፈዋል ይባላል። ውበት አለው። ነገር ግን የገዳ ስም ከዚህ የጠለቀ ነው፤ ዓመቱ የሚጠራው በዚያ ዓመት ተጠያቂ በነበሩት ሰዎች ነው። ዝናብ ቢጠፋ በእነርሱ ዘመን ጠፋ፤ ሰላም ቢወርድ በእነርሱ ዘመን ወረደ። ደግሞም ይህ መቁጠሪያ ሰውን ራሱን ይቆጥራል። አባቱ በስተርጅና የወለደው ልጅ ገና ጨቅላ ሳለ የጎልማሶችን ማዕረግ ይወርሳል፤ አባቱ በወጣትነቱ የወለደው ደግሞ ሸምግሎ ተራውን ይጠብቃል። ዕድሜና ማዕረግ የሚጋጩበት ይህ ሕግ ምን ያህል ታሪክ በውስጡ እንደያዘ አስቡት። ወለጋ ውስጥ ሆሮ ጉዱሩ ያለችው ኦዳ ቡሉቅ የዚህ ሥርዓት መሰብሰቢያ ነበረች። በሌቃና በቄለም የነገሥታት ቤት ሲጠነክር፣ ኋላም የማዕከሉ መንግሥት ሲመጣ ሥርዓቱ ተዳከመ፤ መቁጠሪያው ሥልጣኑን ሲያጣ ሥልጣኑም መቁጠሪያውን አጣ። ዩኔስኮ ገዳን እ.ኤ.አ. በ2016 በሰው ልጆች የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል።

በደቡብ፣ በቦረና፣ ደግሞ ሌላ የተራቀቀ ሥራ አለ። ወሩ የጨረቃ ነው፤ 29 ወይም 30 ቀን። የቀን ስሞቹ ግን 27 ናቸው። ስሞቹ ከወሩ ቀድመው ስለሚያልቁ በወሩ መጨረሻ እንደገና ይጀምራሉ፣ የሚቀጥለው ወር በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ስም ይከፈታል። አያንቱ የሚባሉት አዋቂዎች ጨረቃን ከታወቁ ከዋክብት አጠገብ አይተው ወሩን ይለያሉ፤ አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው የገዳ ጥናት ይህን በሰፊው አስተዋውቋል። ወረቀት የለም፤ ሰማዩና የአዋቂው ራስ አሉ። በጨዋታ ዓለማችሁ ውስጥ አያንቱ ቢሞት ምን ይሆናል? ቀኑ ይጠፋል። ከዘንዶ ግድያ የበለጠ ከባድ ተልእኮ ነው።

ይህን ሁሉ አንድ ጨዋታ ላይ ማዋል የማይቻል ይመስላል። ጨዋታ መሪው አምስት መቁጠሪያ በአንዴ ሊከታተል ነው? ጋሪ ጋይጋክስ ለደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው የጨዋታ መሪዎች መመሪያ ጊዜን አጥብቆ መመዝገብ ግድ ነው ብሎ ሲጽፍ፣ ብዙዎች ሸክሙን አይተው ሸሽተዋል። መፍትሔው ከሥነ ፈለክ ሰዎች ዘንድ ነው። እነርሱ የሁሉንም አገር ዘመን ትተው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4713 ጀምሮ ቀኖችን ብቻ ያለማቋረጥ ይቆጥራሉ። በዚህ ቁጥር መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. 2,460,930ኛው ቀን ነው። ቁጥሩን ለሰባት ስታካፍሉት ሦስት ይተርፋል፤ ዜሮ ሰኞ ስለሆነ ሦስት ሐሙስ ነው፤ ያ ቀንም ሐሙስ ነበር።

ጨዋታ መሪውም እንዲህ ያለ አንድ የተደበቀ ቁጥር ይያዝ። የተጫዋቾቹ ጀብዱ የሚጀምርበት ቀን አንድ ይሁን፤ ከዚያ በየማለዳው አንድ ይጨምር። ለሰባት ሲያካፍል የገበያውን ዕለት ያገኛል፤ ለ27 ሲያካፍል የቀኑን ስም፤ ለ2,922 ሲያካፍል ስምንት ዓመት የሞላውን ሥልጣን ያገኛል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ያስፈልጋል፤ ሁለት መቁጠሪያዎች የተለያየ የትርፍ ቀን ሕግ ካላቸው ቀስ እያሉ ይራራቃሉ። በእኛ ላይ ሆኗል፤ በአውሮፓውያኑ 1800ዎቹ አብዛኛው መስከረም 1 ሴፕቴምበር 10 ላይ ይውል ነበር፣ ዛሬ በአብዛኛው 11 ላይ ይውላል፣ ከ2100 ጀምሮ በአብዛኛው 12 ይሆናል፤ ምክንያቱም እነርሱ የማይቆጥሩትን ትርፍ ቀን እኛ እንቆጥራለን። በጨዋታው ዓለም አንድ የቆየ ውል አንድ ቀን ተሳስቶ ቢገኝ፣ ከሁለቱ ጸሐፊዎች አንዱ ዋሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል።

እንሞክረው። ከጊምቢ ቡና ጭኖ ወደ ነቀምቴ የሚሄድ ነጋዴ አለ፤ በመካከል ዲዴሳ ይፈሳል። ገንዘቡን ያበደረው ሰው ለሚካኤል ትከፍለኛለህ ብሎታል፤ በወሩ 12ኛ ቀን ማለት ነው። ነጋዴው ሙስሊም ነው፤ ከባልደረቦቹ ጋር ትርፍ የሚካፈለው አዲስ ጨረቃ ስትታይ ነው፤ ደመና ግን ሦስት ማታ ሸፍኗታል። የወንዙን መሻገሪያ የሚጠብቁት ሰዎች ገዳው ሊተላለፍ ስለሆነ እስከዚያ ማንንም አያሳልፉም። ተጫዋቾቹ ወንዙ ዳር ደርሰው ነጋዴውን ያገኙታል፣ አንዱም ዛሬ ስንተኛ ቀን ነው ብሎ ይጠይቃል። ጨዋታ መሪው በወረቀቱ ላይ 412 ብሎ ጽፏል። መልስ ከመስጠቱ በፊት ግን ጥያቄው ለማን እንደቀረበ ይጠይቅ፤ ለነጋዴው ከሆነ ቀኑ ገና አልደረሰም፣ ለአበዳሪው መልእክተኛ ከሆነ ትናንት አልፏል፣ ለመሻገሪያው ጠባቂ ከሆነ ደግሞ አዲሱ ሉባ ሥልጣኑን እስኪረከብ ሁለት ሌሊት ይቀራል።